በሰማይ የሄዱት ላሞች፦ ከእንግሊዝ በረት ወደ ዩጋንዳ ጓሮ፣ ከዚያም እስከ ወላይታ

የማይጨበጥ ተስፋ ሲገጥመን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። ከ1988 እስከ 1996 ግን 300 ያህል የወተት ላሞች በእርግጥም በሰማይ ተጉዘዋል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ላኪዎቹ የእንግሊዝ የወተት ገበሬዎች ነበሩ፤ ተቀባዮቹ ደግሞ ከጦርነት ገና የወጡ የዩጋንዳ ገጠር ቤተሰቦች። ሥራው የተካሄደው ሴንድ ኤ ካው በተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ስሙ «ላም ላክ» እንደማለት ነው። ድርጅቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በ2022 ስሙን ሪፕል ኢፌክት ብሎ ቀይሯል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራል። ላም በአውሮፕላን መላክ ካቆመ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ይህ ጥናት የሚከታተለው ላሟ ለምን እንደቀረችና በምትኳ የተላከው ገንዘብ እንዴት የተሻለ እንደሠራ ነው። በሬውን ወይም ጊደሩን ሸጦ ለሩቅ አገር ገበሬ መስጠት ለሚፈልግ ሰው፣ ከውጭ ሆኖ ለዘመዱ «ላም ግዙበት» ብሎ ገንዘብ ለሚልክም ጭምር፣ ቁም ነገሩ ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

የተገናኙት ሁለት ችግሮች

ኤፕሪል 2 ቀን 1984 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በወተት ላይ ኮታ ጣለ። ቅቤና የዱቄት ወተት መጋዘን ሞልቶ ስለነበር፣ ከተመደበለት በላይ ወተት የሚያስረክብ ገበሬ ከባድ መቀጮ ይጠብቀው ጀመር። ላም ደግሞ እንደ ፋብሪካ ማሽን አትጠፋም፤ ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ያለው አማራጭ መንጋውን መቀነስ ሆነ። ጤነኛና ጥሩ የምትታለብ ላም ቄራ ትነዳ ጀመር። ከብት ያረባ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ዩጋንዳ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የ1980ዎቹ ጦርነት በመሀል አገሩ ያበቃው ጥር 1986 የሙሴቬኒ ጦር ካምፓላን ሲይዝ ነው። እስከዚያ ድረስ በተለይ በሉዌሮ አካባቢ ከብቱ ተዘርፎ፣ ታርዶ፣ ተበትኖ አልቆ ነበር። የዩጋንዳ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች የእርዳታ ጥሪ ለጥቂት እንግሊዛውያን ክርስቲያን የወተት ገበሬዎች ደረሰ። ገበሬዎቹም ቄራ ከሚሄዱት ላሞች የተሻሉትን መርጠው ለመላክ ወሰኑ። በ1988 ሥራው ተጀመረ።

ሐሳቡ ቀና ነበር። የሚሰጡት ትርፍ እቃ ሳይሆን ራሳቸው አዋልደው ያሳደጉትን ነው። ይህ ለተቀባዩም ክብር አለው።

ላም ማጓጓዝ ምን ይጠይቃል

ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚመረጠው ያረገዘች ጊደር ነው። የላም እርግዝና 283 ቀን ገደማ ስለሆነ በመካከለኛው ወራት ያለችው ትመረጣለች። መውለጃዋ የቀረበ በመንገድ ላይ ልትወልድ ወይም ልታስወርድ ትችላለች፤ ገና የተጠቃች ከሆነችም ጽንሱ በጭንቀት ሊወርድ ይችላል። ከመጫኗ በፊት ለከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ለሚባለው የውርጃ በሽታ ትመረመራለች፣ ከሌሎች ከብቶች ተለይታ ትቆያለች፣ የተቀባዩ አገር የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠይቁት ሰነድ ይሟላላታል። በዚህ ሁሉ ላይ የአውሮፕላኑ ኪራይ አለ። ወጪው ቀላል አይደለም።

ከባዱ ነገር ግን የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ከወረደች በኋላ ነው። ፍሪዥያን የተባለችው የእንግሊዝ የወተት ላም በቀዝቃዛ አገር፣ በለምለም መስክና በፉርሽካ የኖረች ናት። ዩጋንዳ ደርሳ የምታገኘው ሙቀት፣ የማታውቀው ሣርና መዥገር ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ኢስት ኮስት ፊቨር የሚባለው በሽታ ነው፤ ቡናማው የጆሮ መዥገር ያስተላልፈዋል። በሽታው ባለበት አካባቢ የተወለደ የአገሬው ጥጃ በልጅነቱ ተይዞ ከተረፈ አካሉ ይለምደዋል። ከውጭ የመጣች ላም ግን ምንም መከላከያ የላትም። በተለከፈች በሳምንት ተኩል ገደማ ከጆሮዋ ሥር ያለው እጢ ያብጣል፣ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ መመገብ ታቆማለች፤ መጨረሻ ላይ ሳንባዋ ውኃ ይሞላል፣ በአፍንጫዋ አረፋ ይወጣል። ቡፓርቫኮን የተባለው መድኃኒት ያድናታል፤ የሚያድነው ግን እጢው ባበጠ ሰሞን ከተወጋች ነው። አረፋው ከታየ በኋላ መድኃኒቱን መግዛት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ የላም ባለቤት የሆነች እናት የመጀመሪያ ትምህርቷ ማለብ አይደለም፤ በየማለዳው የላሟን ጆሮ ገልብጦ ማየት ነው። ቡናማው መዥገር የሚሰበሰበው በጆሮዋ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ፀጉሩ ሥር፣ ምስር ከምታክል ጀምሮ ነው። ጣት ሲያርፍበት እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። በሽታው ባለበት አገር የመዥገር መድኃኒት በየሳምንቱ ይረጫል። ለአንድ ትልቅ ላም ከ5 እስከ 10 ሊትር የተበጠበጠ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ጆሮ ውስጥ፣ ከጭራ ሥር፣ በጡትና በእግር መካከል ሳይቀር መርጠብ አለበት። ብልሽቱ የሚመጣው ከቁጠባ ነው። መድኃኒቱ ውድ ሲሆን ሰው አቅጥኖ ይበጠብጠዋል፣ በ2 ሊትርም ጀርባዋን ብቻ አርሶ ይተዋታል። መዥገሩ አይሞትም፤ ይባስ ብሎ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ቀጥሎ በትክክል ቢረጭም አይሠራም።

ማርች 1996

የእንግሊዝ መንግሥት ማርች 20 ቀን 1996 የእብድ ላም በሽታ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለፓርላማ አስታወቀ። ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 27፣ የአውሮፓ ኅብረት የብሪታንያ የበሬ ሥጋና የቁም ከብት ወደ የትኛውም አገር እንዳይወጣ አገደ። እገዳው ደረጃ በደረጃ ላልቶ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2006 ነው። ለሴንድ ኤ ካው ግን ነገሩ በአንድ ቀን ተቆረጠ። «ላም ላክ» የሚባል ድርጅት ላም መላክ ተከለከለ።

አማራጩ ገንዘቡን ልኮ ላሟን እዚያው መግዛት ነበር። ዩጋንዳ ውስጥ፣ በተለይ በምዕራቡ በምባራራ አካባቢ፣ የወተት ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ። የእነሱን ድቅል ጊደር መግዛት የአውሮፕላን ኪራዩን አስቀረ። የተገዛችው ላም መዥገሩን ታውቀዋለች፣ ሣሩን ለምዳዋለች፤ ባትስማማ ሻጩ ቅርብ ነው። ገንዘቡም ለጭነት ኩባንያ መከፈሉ ቀርቶ ለአንድ የዩጋንዳ አርቢ ኪስ ገባ። በእኛ አስተያየት ይህ እገዳ ድርጅቱ ካደረጋቸው ምርጫዎች ሁሉ የሚበልጥ መልካም ነገር አምጥቷል፤ ወዶ ያደረገው ባይሆንም። ሌላ ውጤትም ነበረው፤ ዓይን ከላሟ ላይ ተነሥቶ ላሟ ወደምትገባበት ጓሮ ዞረ።

ከላሟ በፊት መድረስ ያለበት

እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ በስጦታ ላም የሚሞተውና የሚከስረው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ።

መሬት ጠባብ በሆነበት አገር የወተት ላም በበረት አስሮ፣ ሣሩን አጭዶ እያቀረቡ መቀለብ ግድ ነው። ላም በቀን የክብደቷን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። 500 ኪሎ የምትመዝን ንጹሕ ፍሪዥያን 15 ኪሎ ደረቅ መኖ ማለት ነው። ከእርጥብ የዝሆን ሣር አምስት እጅ አራቱ ውኃ ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ደረቁ አንድ አምስተኛ ነው። ስለዚህ 15 ኪሎው 75 ኪሎ እርጥብ ሣር ይሆናል። በየቀኑ። 350 ኪሎ የምትመዝን ድቅል ወደ 55 ኪሎ ትወርዳለች፤ 250 ኪሎ የምትሆን የአገር ላም ደግሞ 40 ኪሎ አይሞላትም። ይህን ሣር ለማግኘት ለአንዲት ትልቅ የወተት ላም በፍግ የተያዘ 0.4 ሄክታር ገደማ የዝሆን ሣር ያስፈልጋል። ተቀባዩ ቤተሰብ ያለው መሬት በሙሉ ይህን ያህል ከሆነ ላሟ የልጆቹን ምግብ ልትበላ ነው።

ሣሩ የሚተከለው በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ተትቶ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይደርሳል። ቁመቱ ወገብ ሲደርስ መቆረጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሣሩ በዝቶ እንዲታይ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ ሲያሳድገው ነው። ያን ጊዜ አገዳ ይሆናል፣ ምግብነቱ ይወርዳል፣ ላሟም ቅጠሉን ነጭታ አገዳውን ትረግጠዋለች። የታጨደው ሣር በገጀራ ጣት በማይሞላ ርዝመት ከተከተፈ ብክነቱ በጣም ይቀንሳል። ለብቻው ግን ወተት አይሰጥም። ደስሞዲየም፣ ላብላብ ወይም ሰስባንያ የሚባሉት የጥራጥሬ ወገን መኖዎች ሲጨመሩበት ነው ገንቢ ምግብ የምታገኘው፤ አቅም ካለ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ከሁሉም ጋር አሞሌ ጨው።

ውኃው ይረሳል። ላም ለምትሰጠው እያንዳንዱ ሊትር ወተት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ትፈልጋለች። 12 ሊትር የምትታለብ ላም በቀን 60 ሊትር ትጠጣለች፤ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ሦስቱን ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ እናትየዋ ወይም ትምህርት ቤት መሄድ ያለባት ልጅ ናት። ስለዚህ የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ ከላሟ ጋር ሳይሆን ከላሟ በፊት መሠራት አለበት። ላም የወተቷን ያህል ካልጠጣች ወተቷን ትቀንሳለች፤ ቤተሰቡም «ላሟ ሰነፍ ናት» ይላል።

በረቱ ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ፣ ወለሉ ሽንት ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ በመጠኑ ያዘቀዘቀ መሆን አለበት። የላሟ መኝታ 1.2 ሜትር በ2.1 ሜትር ይበቃል፤ ከሰፋ ዞራ ትጸዳዳበታለች፣ ከጠበበ ጭቃ ላይ ትተኛለች። ጭቃ ላይ የተኛች ላም ጡቷ ያብጣል። በጡት በሽታ የተያዘች ላም በመድኃኒት ብትድንም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት ለሰው አይሆንም፤ መድኃኒት አለበት። ያንን ወተት የሸጠ ቤተሰብ በሰፈሩ ያለውን አመኔታ ያጣል። የጥጃው ጋጣ ለብቻው ይሁን፣ ወለሉም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተረበረበ። እርጥብ መሬት ላይ የተኛ ጥጃ በሳንባ ምች ይሞታል።

ድርጅቱ ሲቆይ የተገነዘበው አንድ ነገር አለ፤ እውነትም ብዙ ሰው አያስበውም። ከላሟ ወተት ይልቅ መጀመሪያ ቤቱን የሚለውጠው ፍጓ ነው። 350 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 20 ኪሎ ያህል እርጥብ እበት ትጥላለች፤ በዓመት 7 ቶን ነው። ከገለባና ከሽንቷ ጋር ተብላልቶ ሙዙ ሥር ሲደረግ መሬቱ ያገግማል። ወተት የሚገኘው ላሟ ከወለደች በኋላ ነው፤ ፍጉ ግን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አለ። የቁልፍ ቀዳዳ የሚባለው የአትክልት መደብም ከዚህ ጋር የሄደ ነው። ሌሶቶ ላይ በስፋት የተለመደ፣ በድንጋይ ክብ የተገነባ፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ መደብ ነው። መሀሉ ላይ ከእንጨት የተሠራ ቅርጫት ይቆማል፤ የወጥ ቤት ትራፊና የእጣቢ ውኃ በእሱ በኩል ይገባል። ቆሞ መሥራት ስለሚቻል አረጋውያንና በሽተኞችም ጎመን ያበቅሉበታል።

የበኩሯ ጥጃ ጣጣ

የስጦታ ላም የወሰደ ቤተሰብ የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ቤተሰብ ማሳለፍ አለበት። ይህን ሥርዓት ቀድሞ የጀመረው ሄፈር የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በኢንዲያና ገበሬ በዳን ዌስት ሐሳብ ተነሥቶ በ1944 የመጀመሪያዎቹን ጊደሮች ወደ ፖርቶ ሪኮ ልኳል። ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የርቢ የምንለው፣ በወላይታ ሃራና ኮታ የሚባለው የከብት ውል የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ በየርቢ ባለከብቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ እዚህ ግን ድርሻው ወደ ሦስተኛ ሰው ይሻገራል።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ቁጥሩን ግን ሳይሸነጋገሉ መቁጠር ይገባል። 10 ያረገዙ ጊደሮች ገቡ እንበል። አምስት ወር የሞላቸው ከሆኑ ከአራት ወር በኋላ ይወልዳሉ። ግማሹ ወንድ ነው፤ አምስት ሴት ጥጃ ቀረ። አንዷ ብትሞት አራት። እነዚህ ተላልፈው ለመስጠት አንድ ዓመት ሊሞላቸው ይገባል። ስለዚህ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከ10 ቤት ስጦታ ያሳለፉት 4 ብቻ ናቸው። ወንድ የወለዱት ደግሞ ቀጣዩን ጥጃ ለማየት ሌላ ዓመት ከመንፈቅ ሊጠብቁ ይችላሉ። ማሳለፉ በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎ በጀት የሚይዝ ሰው ተሳስቷል፤ አራትና አምስት ዓመት ማሰብ ያሻል።

ሁለተኛው ጣጣ የሰው ባሕርይ ነው። ለሌላ የምትሰጥ ጥጃ ወተት ይቀነስባታል። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ወተቱ ይሸጣል፣ ጥጃዋ ግን የእሱ አይደለችም። ከስታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፀጉሯ ቆሞ ትተላለፋለች፤ የተቀበላትም ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ወተት አያይባትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተቀባዩ ቤተሰብ ጥጃዋ ሳትወለድ ተለይቶ ይታወቅ፣ ሣር በማጨድ ያግዝ፣ ጥጃዋንም በየወሩ በሜትር ይለካ። ደረቷ ዙሪያ ካልጨመረ ወሬው በወሩ ይሰማል። የመጀመሪያዋ ስድስት ሰዓት ደግሞ ወሳኝ ናት። 30 ኪሎ ሆና የተወለደች ጥጃ 3 ሊትር እንገር በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ መጠጣት አለባት። እንገሩን አፍልቶ ለቤተሰብ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም ቀዳሚዋ ጥጃዋ ናት፤ በሽታ የምትከላከልበት አቅም በእሱ ብቻ ይገባታልና። ከዚያ እስከ ሁለትና ሦስት ወሯ በቀን 4 ሊትር ያህል ወተት።

ላሟ ዳግመኛ ካላረገዘችም ሁሉም ይቆማል። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው፤ ምልክቱ የሚቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ብቻ። በበረት ለብቻዋ የታሰረች ላም ላይ የምትወጣ ሌላ ላም ስለሌለች ምልክቱ ያመልጣል። ጠዋት ከታየ ማታ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚዳቀለው። አዳቃዩ ከተማ ሆኖ ስልክ ካላነሣ 21 ቀን ጠፋ። አንድ ዙር ያመለጠ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዙር ያመልጠዋል። ቀኑን በግድግዳ ላይ በከሰል የሚጽፍ ቤት ግን አይሳሳትም።

ከሰጪው ወገን፦ ከብት ሸጦ መስጠት

ዛሬ አንድ የእንግሊዝ ገበሬ የሚሰጠው የከብቱን ሽያጭ ነው። ጥሩ የሚሠራው መንገድ ከብቱን ገና በጥጃነቱ ለይቶ የጆሮ ቁጥሩን መመዝገብ ነው። ቃል የሚገባው «ይህን ያህል ፓውንድ» ብሎ ሳይሆን «የዚህችን ጊደር ሽያጭ» ብሎ ይሁን። የገበያ ዋጋ ቢወርድ እዳ አይገባም፣ ቢወጣም ስጦታው ያድጋል።

የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። በእንግሊዝ የከብት ቲቢ በበዛባቸው አካባቢዎች ዕድሜው ከ42 ቀን በላይ የሆነው ከብት ከመንቀሳቀሱ በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ተመርምሮ ነጻ መሆን አለበት። በመንጋው አንድ ከብት ላይ በሽታው ከተገኘ እርሻው ይዘጋል፤ ቃል የተገባችውም ጊደር ገበያ አትወጣም። መድኃኒት የተወጋ ከብትም መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ለእርድ አይሸጥም። ስለዚህ የበጎ አድራጎት ጨረታ ቀን የሚቆርጥ ኮሚቴ አንድ ወይም ሁለት ተተኪ ከብት አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

የቀረጥ ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ያስቀራል። ብሪታንያ ውስጥ ጊፍት ኤይድ የሚባለው ሥርዓት አለ። የገቢ ግብር የሚከፍል ግለሰብ 100 ፓውንድ ቢሰጥ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ፓውንድ ተጨማሪ ያገኛል። ይህ ግን በጥሬ ገንዘብ ስጦታ ላይ እንጂ በከብቱ በራሷ ላይ አይሠራም። ስለዚህ በግሉ የሚያርስ ሰው ጊደሯን ለድርጅቱ አስረክቦ ድርጅቱ ከሚሸጣት፣ ራሱ ሸጦ ገንዘቡን ቢሰጥ ይሻላል። ለምሳሌ 1,000 ፓውንድ ብታወጣ ድርጅቱ የሚደርሰው 1,250 ነው። እርሻው በኩባንያ ስም ከሆነ ግን ጊፍት ኤይድ የለም፤ ኩባንያው ስጦታውን ከትርፉ ላይ ቀንሶ ግብሩን ያቀልላል።

በጨረታ ላይ የተለመደ ሌላ ዘዴም አለ። በጉን ወይም ጊደሯን የገዛው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ እንስሳውን ለጨረታው ይመልሳል፤ እንደገና ይሸጣል። አንድ በግ አምስት ጊዜ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። አጫራቹ ኮሚሽኑን ከተወ ደግሞ ሙሉው ገንዘብ ይሄዳል። በካናዳ አርቢዎች ከመከር ጎን ለጎን የጥጃ ሽያጭ ፉድግሬንስ ባንክ ለተባለው ረሃብን ለሚታገል የክርስቲያን ድርጅት ይሰጣሉ፤ እዚያ መንግሥት ለአንዳንድ ስጦታ በ1 ዶላር እስከ 4 ይጨምራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን መጠንቀቅ የሚገባው ስጦታው ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። «ለላም መግዣ ብቻ» የተባለ ገንዘብ በሕግ ለሌላ አይውልም። ቤተሰቡ የሚያስፈልገው የውኃ ማጠራቀሚያ ቢሆንም ገንዘቡ ላም ይዞ ይመጣል። ልምድ ያለው ሰጪ «ላምን ጨምሮ ለቤተሰቡ ለሚበጀው» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ ከድርጅቱ ጋር ከሚሠሩት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ጨርሶ ላም አይቀበሉም፤ ስልጠና፣ ዘርና ማዳበሪያ አሠራር ይበቃቸዋል፣ ወይም ከዶሮና ከፍየል ይጀምራሉ።

ደቡብ ኢትዮጵያ

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ስሌቱ ይበልጥ ይጠባል። ኢስት ኮስት ፊቨር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ይህ እፎይታ ነው። በቆላው ግን በዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ አለ፣ አባሰንጋና አባጎርባም ክትባት ይፈልጋሉ። በወላይታ የብዙ ቤተሰብ መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ከላይ ያየነው 0.4 ሄክታር የዝሆን ሣር እዚህ አይታሰብም።

ግን እንሰቱ ፍግ ይፈልጋል። ከብት የሌለው ቤት ዓይኑን ወደ ጓሮው ቢጥል እንሰቱ መንምኖ፣ ቅጠሉ ገርጥቶ ያያል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቤት የምትሻለው 15 ሊትር የምትታለብ ፍሪዥያን አይደለችም፤ በትንሽ መኖ የምትቆይ የአገር ወይም በመጠኑ የተዳቀለች ላም ናት። የአገር ላም በአማካይ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም አትዘልም፤ ሆኖም አትሞትም፣ ትወልዳለች፣ ፍግ ትሰጣለች። መኖዋ ከእርከን ጠርዝ ላይ ይመጣል። ከጨንቻ የተነሣው ደሾ ሣር በእርከኑ ላይ ተተክሎ አፈሩንም ይይዛል፣ ይታጨዳልም። በበጋ የስኳር ድንች ሐረግና የእንሰት ቅጠል ይታከልበታል።

ከዋሽንግተንም ሆነ ከቴል አቪቭ በመረዳጃ ማኅበር ገንዘብ አዋጥተው ላም ለመግዛት የሚልኩ ወገኖች ላሟን የበጀቱ ግማሽ ቢያደርጓት እንመክራለን። ሌላው ግማሽ ለበረት፣ ለውኃ፣ ለመኖ ተከላና ለሁለት ዓመት መድኃኒት ይሁን። ውሉ ላይ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ በአባወራው ስም ብቻ የተጻፈች ላም ቀን ሲከፋ ሳይመከርባት ትሸጣለች።

ጊዜውም ይቆጠራል። ደሾው በሰኔ ዝናብ እንዲተከል ገንዘቡ በግንቦት መድረስ አለበት። ሣሩ ለመጀመሪያ ቆረጣ የሚደርሰው በጥቅምት ነው። በመስከረም ከጊፋታና ከመስቀል በፊት የከብት ዋጋ ይንራል፣ ሁሉም ለእርድ ይሻማል። በዓሉ አልፎ ገበያው ሲረጋ፣ በኅዳር፣ ከሻጩ በረት ሄዶ ማለዳ ስትታለብ ዓይቶ መግዛት ነው።